የጥንት ግሪክና የመቄዶንያ ወታደሮችን ትጥቅ ታጥቆ ስለ መፈተን

ፕሉታርክ በጻፈው የእስክንድር ታሪክ ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር ይገኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት፣ የመቄዶንያ ሠራዊት ከዳርዮስ ጋር ለሚያደርገው ታላቅ ጦርነት በተቃረበ ጊዜ፣ ጓዝ ተከታዮቹ ለጨዋታ ብለው በሁለት ወገን ተከፈሉ፤ የአንዱን ወገን አለቃ እስክንድር፣ የሌላውን ዳርዮስ ብለው ሰየሙት። መጀመሪያ በጓል ተወራወሩ፤ ቀጥሎ በጡጫ ተማቱ፤ በመጨረሻም ነገሩ ከርሮ ድንጋይና ዱላ ተነሣ። ንጉሡ ይህን በሰማ ጊዜ ሁለቱ አለቆች ብቻ ለብቻ እንዲገጥሙ አዘዘ። በስሙ የተጠራውን ራሱ አስታጠቀው፤ ዳርዮስ የተባለውን ፊሎታስ አስታጠቀው። ሠራዊቱም ነገሩን እንደ ምልኪ ቆጥሮ በጭንቀት ተመለከተ። እስክንድር የተባለው አሸነፈ፤ ለዚህም 12 መንደሮችና የፋርስ ልብስ የመልበስ መብት ተሰጠው።

እንግዲህ አምሳለ ውጊያ የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። ግሪኮች ራሳቸው ጋሻና ጦር ይዘው የሚጨፍሩት ፒሪኬ የሚባል ዘፈን ነበራቸው፤ በኦሎምፒያም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ520 ዓመት ጀምሮ ጋሻ ይዞ የመሮጥ ውድድር ይደረግ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ያስመሰሉት በየቤታቸው የተሰቀለውን፣ አባቶቻቸው ያስለመዷቸውን መሣሪያ ነው። ዛሬ በእንግሊዝ አገር የሆፕሊቶች ማኅበር፣ በግሪክም ኮሪቫንቴስ የተባለው ማኅበር፣ እነርሱንም የመሰሉ በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ቡድኖች የሚታጠቁት ግን የሚያስለምድ መምህር ከጠፋለት ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈውን ትጥቅ ነው። የግእዙ ዜና እስክንድርም ንጉሡን እንደ ጻድቅ ክርስቲያን አድርጎ ስለሚያቀርበው ስለ መሣሪያው ለምንጠይቀው አይረዳንም። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ሊመረምረው የሚገባ ጥያቄ ይነሣል፤ እነዚህ ሰዎች በሰውነታቸው የሚያገኙት ዕውቀት ለታሪክ ምስክር ሊሆን ይችላልን? በእኔ አስተያየት ይችላል፤ ነገር ግን ምስክርነቱ ባንድ ወገን ብቻ የጠነከረ ነው። የማይቻለውን ወይም የሚያስቸግረውን ነገር ያሳያል እንጂ፣ የሚቻለው ሁሉ በእርግጥ ተደርጎ እንደ ነበረ አያረጋግጥም። (ከዚህ በታች ለዘመናችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከትጥቁ ሁሉ ይልቅ ብዙ ያስተማረው ጋሻው ነው። አስፒስ የሚባለው የሆፕሊቱ ጋሻ ክብ ሆኖ ስፋቱ 90 ሳንቲሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከ6 እስከ 8 ኪሎ የሚገመት ነበር። ከቀላል እንጨት እንደ ሳሕን ጎድጎዶ ይሠራል፤ ፊቱም አንዳንድ ጊዜ በስስ ናስ ይለበጣል። በመካከሉ ክንድ እስከ ክርን ድረስ የሚገባበት ቀለበት፣ በጠርዙ አጠገብ ደግሞ እጅ የሚጨብጠው ማንገቻ አለው። ይህን ከመጻሕፍትና በየቤተ መዘክሩ ካሉት የሸክላ ሥዕሎች እናውቃለን። ሥዕሉ የማይነግረን ግን ጋሻው ለምን ያን ያህል እንደ ጎደጎደ ነው። አንድ ሰው በትክክል የተሠራ አስፒስ ይዞ ጥቂት ደቂቃ ቢቆም መልሱን ክንዱ ይነግረዋል። ክንድ ብቻውን ያን ክብደት ከፊት ዘርግቶ ለመያዝ ስለማይችል፣ ሰውየው ሳያስበው የጋሻውን ከንፈር በግራ ትከሻው ላይ ያሳርፋል፤ ጉድጓዱም ትከሻውን ይቀበለዋል። በዚያን ጊዜ ሰውነቱ ወደ ጎን ዘወር ይላል፤ ግራ እግሩም ይቀድማል። ይህን ሰነድ ብቻ በማንበብ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ጸሐፊዎቹ ኦቲስሞስ የሚሉት ግፊያ፣ ከኋላ ያሉት ሰልፈኞች የፊተኞቹን በጋሻ እየደገፉ በአንድነት መግፋታቸው ነውን? ወይስ እንዲያው ዘይቤ ነው? ፍሬዘር በ1942 ነገሩን ተረት ብሎታል፤ ሃንሰን በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ ግን እውነተኛ ግፊያ እንደ ነበረ ተከራክሯል። በኋላ ፖል ባርዱኒያስ አስፒስ የያዙ ሰዎችን አሰልፎ እንዲገፋፉ ባደረገ ጊዜ፣ የጋሻው ጉድጓድ የሰውየውን ደረት ከመጨፍለቅ እንደሚያድንና መካከል ያለው ሰው መተንፈስ እንደሚችል ታየ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ «ሰው ታፍኖ ይሞታል» የሚለውን ተቃውሞ ያስቀራልና። ቢሆንም በማራቶን ወይም በሌክትራ እንዲህ ተደርጎ ነበር ለማለት አያበቃም።

ስለ ማራቶን ከተነሣ ዘንድ፣ ሄሮዶቱስ አቴናውያን 8 ስታዲዮን ያህል ርቀት ሮጠው ከፋርሶች ጋር ገጠሙ ይላል። ስታዲዮን የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ የሚለው መለኪያ ነው፤ 8ቱ ወደ 1,500 ሜትር ይጠጋሉ። ጀርመናዊው የጦር ታሪክ ሊቅ ሐንስ ዴልብሩክ ይህ ከሰው ዓቅም በላይ ነው ብሎ አልተቀበለውም። በአሜሪካ ዶንላንና ቶምሰን በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ወጣት ተማሪዎችን የጋሻና የትጥቅ ክብደት አሸክመው በመሮጫ መኪና ላይ ፈተኑአቸው፤ ከ200 ሜትር ገደማ በኋላ ለውጊያ የሚሆን ጉልበት እንደማይተርፍ ፈረዱ።

እዚህ ላይ ግን የተፈተነው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሄሮዶቱስ ነውን ወይስ ተማሪዎቹ? ዳዊት የሳኦልን ጥሩርና የራስ ቁር ለብሶ መራመድ ባቃተው ጊዜ ምክንያቱ ትጥቁ የማይቻል ስለ ሆነ አልነበረም፤ ስላልተለማመደው ነው። ሳኦልማ ይለብሰው ነበር። በኦሎምፒያ ጋሻ ይዘው የሚሮጡት 2 ስታዲዮን፣ ማለትም 384 ሜትር ያህል ይሮጡ ነበር፤ ይኸውም ተማሪዎቹ ከደከሙበት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ 200 ሜትር የሚለውን ወሰን እንደ ሕግ መቀበል አይገባም። ሆኖም ፈተናው ከንቱ አልቀረም፤ 1,500 ሜትሩን በሙሉ በሩጫ የሚለውን ንባብ አናግቶ፣ የሄሮዶቱስ ቃል ፈጣን እርምጃን ሊያመለክት እንደሚችል፣ ወይም ሩጫው ቀስት ከሚደርስበት ሥፍራ ወዲህ ብቻ ሊሆን እንደሚችል እንድናስብ አስገድዶናል።

መሣሪያው ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ግን የፈታኙ ላብ ምንም አይረባም። ዛሬ ለገበያ የሚሠሩት የራስ ቁሮች ብዙዎቹ ከጥንቶቹ ይከብዳሉ፤ እነርሱን ደፍቶ «የጥንቱ ወታደር አንገቱ ይዝል ነበር» ማለት ስሕተት ነው። ከዚህ የባሰው የተልባ እግር ጥሩር ነገር ነው። ሆሜር ከተልባ እግር የተሠራ ጥሩር የለበሰ ሰው ይጠቅሳል፤ በፖምፔይ የተገኘው የእስክንድር ሞዛይክም ትከሻው ላይ የሚታሰር ጥሩር ያሳያል። ነገር ግን ጨርቁ በሙጫ ተደራርቦ ተጣብቆ ነበር የሚል አንድም የግሪክ ጸሐፊ የለም። ይህ የዘመናችን ሊቃውንት ግምት ነው። አልድሬትና ጓደኞቹ በ2013 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ያለ ጥሩር ሠርተው ፍላጻ እንደሚመክት አሳዩ። ሥራቸው ብርቱ ነው፤ ያሳየው ግን የተጣበቀ ጨርቅ ጥሩ ጥሩር ሊሆን እንደሚችል ብቻ ነው። የተሰፋ ጨርቅ ወይም ቆዳም ያንኑ ቅርጽ ይይዛል። በ1977 በቬርጊና መቃብር የተገኘው ያው ቅርጽ ያለው ጥሩር እንኳ ከብረት የተሠራ ነው። ከግምት የተሠራ ጥሩር በየአደባባዩ በታየ ቁጥር ሰው ግምት መሆኑን ይረሳል፤ ተማሪውም «አይቼዋለሁ» ይላል። የአምሳለ ውጊያ ትልቁ አደጋ ይህ ይመስለኛል።

የመቄዶንያው ሳሪሳ ለዚህ ሁሉ ጥሩ ፈተና ነው። ቴዎፍራስጦስ ረጅሙ ሳሪሳ 12 ክንድ እንደ ነበረ ይጠቁማል፤ ፖሊቢዩስ በዘመኑ 14 ክንድ እንደ ነበረ፣ ከዚያም 10ሩ ከያዡ ፊት እንደሚወጣ፣ ከኋላም ማመዛዘኛ ክብደት እንደ ነበረው ይናገራል። ወታደሩ በሁለት እጁ ስለሚይዘው ጋሻው ትንሽ ሆኖ በማንገቻ ይንጠለጠላል። ማኖሊስ አንድሮኒኮስ በ1970 ከቬርጊና የተገኙትን 51 ሳንቲሜትር የሚረዝም የብረት ስለት፣ 44.5 ሳንቲሜትር የሆነ የኋላ ሹልና 17 ሳንቲሜትር የሆነ የብረት ቱቦ አሳተመ። ማርክል ይህን መሠረት አድርጎ አንዱን ረጅም ሳሪሳ 6 ኪሎ ተኩል ያህል አደረሰው። ፒተር ኮኖሊ በ2000 ባሳተመው ሙከራ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ዘንግ ተጠቀመ። ዘንጉ እኩል ውፍረት ያለው እንደ ሆነ ጫፉ ያዘነብላል፣ ክንድም ቶሎ ይዝላል፤ የቀጠነ እንደ ሆነ ግን ሚዛኑ ወደ እጅ ይመለሳል። ፖሊቢዩስ ስለ ኋላው ክብደት በጥቂት ቃል ያለፈው ነገር ለምን እንዳስፈለገ እንዲህ ተገለጠ።

ቱቦው ግን አሁንም ያከራክራል። አንድሮኒኮስ ሁለት ዘንጎችን ያጋጥም ነበር ብሎ ገመተ፤ ከጥንት ጸሐፊዎች ግን ሳሪሳ ተገጣጣሚ ነበር ያለ የለም። ማኅበሮቹ እስካሁን ሳሪሳን የሚፈትኑት አብዛኛውን ጊዜ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ቆመው ነው። ጥያቄው የሚፈታው ግን በሰልፍ ቦታ ሳይሆን በመንገድ ላይ ነው፤ አንድ ወጥ የሆነ የ12 ክንድ ዘንግ የያዙ ሰዎች ከስንቃቸው ጋር ዛፍ በበዛበት የተራራ መተላለፊያ ብዙ ቀን ቢጓዙ፣ ተገጣጣሚውን የያዙትም አብረዋቸው ቢሄዱ፣ የትኛው መጋጠሚያ እንደሚላላና የትኛው ዘንግ እንደሚሰበር ይታወቃል።