የዱላው ራስ ለምን አበጠ?

ጎልፍ የሰፈራችን ጨዋታ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ታገሱኝ፤ ጥያቄው ከጎልፍም ይሰፋል። መሣሪያው ሲሻሻል ሰውየውስ ይሻሻላል ወይ?

ድራይቨር ከጎልፍ ዱላዎች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ኳሷን ከመነሻው አርቆ ለመላክ የሚያገለግል። ራሱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ፐርሲመን ከሚባል ጠንካራ እንጨት ይጠረብ ነበር። በቡጢ የሚጨበጥ የሚያክል ትንሽ ነገር ነው። ኳሷን በመሐሉ ካገኛችኋት እሰየው፤ ትንሽ ወደ ጠርዝ ካመለጠቻችሁ ግን ጫካ ውስጥ ፈልጓት።

እ.ኤ.አ. በ1979 ጋሪ አዳምስ የተባለ አሜሪካዊ ቴይለርሜድን አቋቁሞ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ራስ ይዞ ገበያ ወጣ። ልማድ ግን በቀላሉ አይለቅም። ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር የ1993ቱን ማስተርስ ያሸነፈው በእንጨት ድራይቨር ነበር።

ጨዋታውን የለወጠው ኢሊ ካላዌይ ነው። ኩባንያው በ1991 ያወጣው ዱላ ራሱ 190 ሲሲ ሲሆን ስሙ «ቢግ በርታ» ተባለ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ትልቅ መድፍ ስም ነው። በ1995 ከቲታኒየም የተሠራው «ግሬት ቢግ በርታ» በ250 ሲሲ ገደማ መጣ። በ1997 ደግሞ «ቢጌስት ቢግ በርታ»፣ 290 ሲሲ። (ከዚያ ወዲያ ቅጽል ያለቀባቸው ይመስለኛል።)

መተለቁ ምን ይጠቅማል? ቲታኒየም ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ ክብደቱ ሳይጨምር ራሱን ማስፋት ይቻላል። ክብደቱ ከመሐል ወደ ዳር ሲሄድ ዱላው በቀላሉ አይጠማዘዝም፤ በገመድ ላይ የሚራመድ ሰው ረጅም ዘንግ የሚይዘው ለዚሁ ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ምት እንደ ድሮው አይቀጣም። ርቀት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ትልቅ ራስ በራሱ ኳስ አያርቅም፤ እንዲያውም አየሩ ይይዘዋል። የሚያርቀው ስስ ሆኖ እንደ ስፕሪንግ የሚነጥረው ፊት ነው። የካላዌይን ኢአርሲ ድራይቨር የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበር በ2000 ያገደው በዚህ መንጠር ምክንያት ነበር። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ የራሱ መጠን ከ460 ሲሲ እንዳይበልጥ ተገደበ።

አሁን ወደ ሜዳ እንሂድ። በፒጂኤ ቱር የድራይቨር ምት በ1980 በአማካይ 257 ያርድ ያህል ነበር፤ በ2003 ወደ 286 ደረሰ። ሃያ ስድስት ሜትር ጭማሪ! ምስጋናው ግን የዱላው ብቻ አይደለም። በ2000 መጨረሻ የመጣችው ፕሮ ቪ1 ኳስ፣ የረዘመውና የቀለለው ዘንግ፣ ጂም የገባው ተጫዋችም ድርሻ አላቸው።

ትክክለኛነቱስ? በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ10 ምት 7 የሚጠጋው ሣሩ አጥሮ የታጨደበት መስመር ላይ ያርፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ 6 ወርዷል። ዱላው ስህተት ይቅር ሲል ተጫዋቹ ይቅርታውን ለጥንቃቄ አላዋለውም፤ የባሰ አጠንክሮ መታበት እንጂ። በእኔ ግምት አልተሳሳተም፤ ሩቅ ሄዶ መስመር መሳት ቅርብ ሆኖ መስመር ከመጠበቅ በነጥብ የሚያዋጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሒሳቡን የከፈለው ሜዳው ነው። ማስተርስ የሚካሄድበት ኦገስታ በ2001 ርዝመቱ 6,985 ያርድ ነበር። በ2002 ተጫዋቾቹ ሲመለሱ 7,270 ሆኖ ጠበቃቸው። ልዩነቱ 285 ያርድ፤ አንድ ሙሉ የድራይቨር ምት።