የቃላት ሥርና የፊደል ቅርስ

ቋንቋን የሚማር ሰው ቃሉን አንድ በአንድ ቢሸመድድ ድካሙ ማለቂያ የለውም። የቃሉን ሥር ያወቀ ግን አንዱን ጨብጦ ብዙውን ይስባል። የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ይህን ዘዴ በላቲን ቋንቋ ሲሠሩበት ኖረዋል። «ፖርታሬ» በላቲን መሸከም ማለት ነው፤ ትራንስፖርት፣ ኤክስፖርት፣ ኢምፖርትና ሪፖርት የሚባሉት ቃላት ሁሉ ከዚሁ ተወልደዋል። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ግን እንዲህ ያለው ምንጭ በቤቱ አለለት፤ እርሱም ግዕዝ ነው።

የዚህ ጥናት ታሪክ ረጅም ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስና ርባታ ሳያጠና ወደ ምሥጢር አይገባም ነበር። ከአምሐራ የሄዱት አባ ጎርጎርዮስም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1649 ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር በሮማ ተገናኙ፤ በ1652ም ጎታ ወደምትባለው የጀርመን ከተማ ሄደው አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝን መዝገበ ቃላት በላቲን ፍች ለንደን ላይ አሳተመ። በ1865ም አውጉስት ዲልማን ግዕዝን በየሥሩ መድቦ፣ ፍቹን በላቲን ጽፎ፣ ታላቁን መዝገብ በላይፕሲሽ አወጣ። በዚህ ጊዜ ላቲን የግዕዝ አገልጋይ ሆነ ማለት ነው።

በአገር ልጅ እጅ የተሠራው ሥራ ከዚህ አያንስም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን መዝገብ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሠውተው አስፋፉት። እርሳቸው ካረፉ በኋላ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ጠብቀው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በሚል ስም በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። የራሳቸው «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ወጣ።

እነዚህ ሊቃውንት እያንዳንዱ ቃል በተገቢው ፊደሉ እንዲጻፍ አጥብቀው ይሹ ነበር። ሌሎች ደግሞ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ይቀነሱ ብለዋል። የሕፃናትን ድካም ለማቃለልና የጽሕፈት መኪናን ሥራ ለማቅለል የቀረበ ሐሳብ ስለሆነ የሚናቅ አልነበረም። የክርክሩን ክብደት የሚያሳየው ግን አማርኛ ከጎረቤት ቋንቋ ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ነው።

እንዲህ ካሉት ስፍራዎች አንዱ በካርቱም ከተማ የሚገኘው የሳጃና ሰፈር ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት የካርቱምን ሕዝብ ከመበተኑ በፊት፣ ከአገራቸው የተሰደዱ ብዙ ሐበሾች በዚያ ይኖሩ ነበር። በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚያድግ ልጅ በቤቱ አማርኛ፣ በደጁ ዐረብኛ ይሰማል። ሁለቱን እንደ ባዕዳን ቢይዛቸው አንዱ ሌላውን ይገፋዋል፤ ሥራቸውን ካወቀ ግን አንዱ ለሌላው መምህር ይሆነዋል።

የዳቦ መጋገሪያው ቤት በዐረብኛ «መኽበዝ» ይባላል። በግዕዝ ኀበዘ ማለት ጋገረ ነው፤ ኅብስትም ከዚህ ወጥቷል። የዐረብኛው «ኸ» የግዕዙ ብዙኀን «ኀ» ነውና። ቁልፍ «ሚፍታሕ» ነው፤ ግዕዙ መፍትሕ ይለዋል፣ ሥሩም ፈትሐ ነው። ከዚሁ ሥር ፍትሕ፣ ፍታት፣ መፍትሔ ይወለዳሉ። አስተማሪው እዚህ ላይ ጥቂት ቢቆይ የተመሳሳይ ቃላትን ልዩነትም ያስረዳበታል። ተማሪ መልስና መፍትሔን አንድ አድርጎ ይቈጥራል፤ ዳሩ ግን መልስ ከመመለስ የመጣ ስለሆነ የተላከ ቃል አጸፋ ነው፤ መፍትሔ ግን የተቋጠረ ነገር መፈታት ነው። ለጥያቄ ሁሉ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ መልስ ሁሉ ግን መፍትሔ አይደለም።

ዐሥር በዐረብኛ «ዐሸረ» ነው፤ ሰማይ ግን «ሰማእ»። ንጉሡ «ሠ» በዐረብኛ «ሸ»፣ እሳቱ «ሰ» ግን ያው «ሰ» ሆኖ ይገኛል። ፊደሉን አቀላቅሎ የተማረ ልጅ ይህን መንገድ አያገኘውም። ብድሩም በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ በ1505 ያረፈው የግብፅ ሊቅ አስ-ሱዩጢ፣ «ሙስሐፍ» የሚለው ስም ከሐበሻ እንደተወሰደ የሚናገር ትውፊት መዝግቧል። ቃሉ የእኛው መጽሐፍ መሆኑ ነው።

የሥር ፍለጋ አሳሳችነትም አለው። በዐረብኛ «ለሕም» ሥጋ ነው፤ በግዕዝ ላህም ላም ነው። ጆሮ አንድ ናቸው ይላል፤ ፊደል ግን አንዱን በሐመሩ «ሐ»፣ ሁለተኛውን በሃሌታው «ሀ» ጽፎ ይለያቸዋል። እንደዚሁም «ሐጀር» ድንጋይ ነው እንጂ ሀገር አይደለም። አንዳንድ ጊዜም ፊደል ብቻውን አይበቃም። ሳጃና የሚለው ስም ከ«ሲጅን»፣ ማለት ከወህኒ ቤት የወጣ ነው፤ «ሰጃን» ወህኒ ጠባቂ ነው። የዐረብኛው «ጀ» የግዕዙ «ገ» መሆኑን የተረዳ ተማሪ ቸኩሎ ከሰገነት ጋር ቢያዛምደው ፍቹ ይከለክለዋል። በላቲንም ቢሆን ፓስፖርት ወደብን ማለፍ ነው እንጂ ከመሸከም አልተወለደም። ስለዚህ መምህሩ ሦስቱን፣ ፊደሉንና ርባታውን ፍቹንም፣ አስተባብሮ ይመርምር።

አንድ ቃል በተነሣ ቊጥር መምህሩ ሥሩን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ዘሮቹን ከተማሪዎቹ ቢሰበስብ፣ የሚያጠፋው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ትርፉ ግን ብዙ ነው። በአገር ውስጥ ላለው ልጅ ትክክለኛ አጻጻፍ የመዝገበ ቃላት መግቢያ ነው። በስደት ላለው ልጅ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ የአባቶቹ ፊደል ወደ ኋላ የሚያስቀረው ሸክም ሳይሆን የሚኖርበትን አገር ቋንቋ የሚከፍትበት መፍትሕ መሆኑን ያይበታልና። አባቶች በድካም ያቆዩት ፊደል ትርፍ ነው ከመባሉ በፊት ምን እንደሚከፍት ሊጠየቅ ይገባዋል።