የአንኮበር እንግዳና የዊንዘር እንግዳ

የሸዋ ነገሥታት እንግዳ ይወዱ ነበር፤ ችግሩ ፍቅራቸው ልክ ማጣቱ ነው። መጤውን በክብር ይቀበሉታል፤ «አገሬ ልግባ» ሲል ግን ያለ ንጉሡ ፈቃድ ንቅንቅ የለም። ይህ ጥንታዊ ልማድ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመጣውን ፖርቱጋላዊ፣ ፔሮ ዳ ኮቪልሃምን፣ የአገሩ መልእክተኞች በ1520 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ያገኙት ርስትና ሚስት ተሰጥቶት፣ መውጫ ግን ተከልክሎ ነበር።

በ1841 ተራው የእንግሊዝ ሆነ። ኤደንን ከሁለት ዓመት በፊት የያዘችው እንግሊዝ ከባሕሩ ማዶ ወዳለው ደጋ ዓይኗን ጣለች። ሻምበል ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከቦምቤይ ተነሥቶ፣ በታጁራ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ወጣ። የተቀበሉት የዘር ሐረጋቸው ከመንዝ የሚመዘዘው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ሃሪስ 300 ጠመንጃና መድፍ አበረከተ፤ ኅዳር ላይም ውል ተፈረመ። ንጉሡ ግን በአንድ እጅ እንደማይጨበጨብ ያውቁ ነበርና በ1843 ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋርም ተዋዋሉ። ሃሪስ በዚያው ዓመት ተሰናብቶ አገሩ ገባ፤ በ1844 ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ «ሰር» ተባለ። የመውጫ ፈቃዱ ነገር ግን የዘመኑ ፈረንጅ መንገደኞች ሁሉ እሮሮ ነበር።

አሁን ወደ ዊንዘር እንሻገር። በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ የደረሰው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሯቸውን አውሮፓውያን ላስፈታ ብሎ ነው። እንግዳን «አትሄድም» ማለት ለእንግሊዝ የጦርነት ምክንያት ነበር ማለት ነው! እስረኞቹን ካስፈታ በኋላ ግን የሰባት ዓመቱን ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁን፣ ይዞ ሄደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ልጁም በ1879፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ከተማ ሞቶ በዊንዘር ቤተ መንግሥት ተቀበረ። ለመታሰቢያው የተመረጠው ቃል፣ አንባቢ ሆይ፣ እንግዳ ስለ መቀበል የሚናገረው የወንጌል ቃል ነው።

በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ እንዲመለስ ጠየቁ። በ2023 ቤተሰቡ ሲጠይቅ ቤተ መንግሥቱ፣ ሌሎች በአቅራቢያው የተቀበሩትን ሳይረብሹ ማውጣት አዳጋች ነው ሲል በትሕትና መለሰ። እንግሊዝ እምቢ ስትል እንኳ ጨዋ ናት። የአንኮበር ሥርዓት ዊንዘር ገብቷል ብል አጋነንኩ? እንዲያውም ይብሳል፤ ሃሪስ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተሸኝቷል፤ ዓለማየሁ ግን ከ150 ዓመት በላይ ፈቃድ ይጠብቃል።

ፈቃድ የቀናው ጸጉር ነው፤ የቴዎድሮስ ቁንዳላ በ2019 ከለንደን ተመልሷል። 11 ታቦታት ደግሞ በብሪቲሽ ሙዚየም፣ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ በማያዩበት ዝግ ክፍል ተቀምጠዋል። ሙዚየም ለመታየት እንጂ ላለመታየት ሲሠራ ይኸው አየን። ሕጉ፣ የ1963ቱ፣ ንብረት መስጠትን አጥብቆ ይገድባል ይሉናል። ሕግ ግን የሰው ሥራ ነው፤ ያወጣው ፓርላማ ያሻሽለዋል።

የእኛም እጅ ንጹሕ አይደለም። የሣህለ ሥላሴን የልጅ ልጅ፣ ብላቴናውን ምኒልክን፣ ሸዋን ወግተው ወደ መቅደላ የወሰዱት የዓለማየሁ አባት ነበሩ። ምኒልክ ግን በ1865 አምልጠው፣ አንኮበር ገብተው ነገሡ። ቂም ቢወረስ ኖሮ እኔ የመንዝ ተወላጁ ለቴዎድሮስ ልጅ ባልተሟገትኩ። ልጅ የአባቱን ዕዳ አይከፍልም፤ ያውም በባዕድ አፈር።

ስለዚህ ለዊንዘር ሰዎች የምለው አጭር ነው፦ ሣህለ ሥላሴ እንኳ በመጨረሻ እንግዳቸውን ሸኝተዋል። እናንተም ሸኙልን።

ቸር ወሬ ያሰማን።