ሞናኮ ያልደበቀችውን መንቆረር ለምን ትደብቃለች?

ከጉንደ ወይን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳይ አለው። ወይ ዞን መምሪያ ያስገባው ማመልከቻ አለ፣ ወይ የሚያሳክመው ሰው፣ ወይ ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው ልጅ። ጉዳዩን ጨርሶ መኪና እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ቢተርፈው እንኳ «የድሮዋን መንቆረር ልያት» ብሎ ወደ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት የሚያቀናው ጥቂት ነው። በሰው አይፈረድም። የከተማዋ ታሪክ ሲነገር የሚነገረው ግማሹ ነው።

በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር በልዑል የምትተዳደር ሞናኮ የምትባል አገር አለች። ጠቅላላ ስፋቷ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሮጌው ሰፈሯ ከባሕሩ በላይ ባለ አለት ላይ ተቀምጧል። ጎብኚ በእግሩ ወጥቶ ቤተ መንግሥቱን፣ ካቴድራሉንና ጠባብ መንገዶቹን አይቶ፣ የዘብ ቅያሬውን ተመልክቶ በግማሽ ቀን ይወርዳል።

እዚያ የሚነገረው ታሪክ ግን የሚያኮራ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ1297 ፍራንቼስኮ ግሪማልዲ የተባለ የጄኖዋ ሰው መነኩሴ መስሎ የምሽጉን በር አስከፈተ፤ ከቀሚሱ ሥር ሰይፍ መዝዞም ምሽጉን ያዘ ይባላል። ነገሩ ተንኮል ነው። ግሪማልዲዎች ግን አልደበቁትም። ዛሬም በአገሪቱ ዓርማ ላይ ሰይፍ የመዘዙ ሁለት መነኮሳት ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ1861 ማንቶንና ሮክብሩን ወደ ፈረንሳይ ሲሄዱ ሞናኮ አብዛኛውን መሬቷን አጣች። ታሪኳ ግን አብሯት ቀረ።

ከዚያ በ20 ዓመቱ ጎጃም ንጉሥ አገኘ። በጥር 1873 ዓ.ም. ራስ አዳል በዐፄ ዮሐንስ እጅ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆኑ። መንቆረርም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። እስከዚህ ያለውን ሁሉም በደስታ ይናገረዋል።

የሚከብደው የቀጠለው ነው። በ1874 ዓ.ም. ንጉሡ እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋግተው ተማረኩ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ አሸነፋቸው፣ ጎንደርም ተቃጠለች። ቀጥሎ ከምኒልክ ጋር በመወገናቸው ዐፄ ዮሐንስ ጎጃምን ወረሩት። የሁለት ነገሥታትን ቂም ዕዳ የከፈለው ባላገሩ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኒሁ ንጉሥ አድዋ ላይ ከምኒልክ ጎን ተሰለፉ፤ በ1893 ዓ.ም. አረፉ።

ልጃቸው ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞሩ። በ1924 ዓ.ም. ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ተፈርዶባቸው ግዛታቸውን አጡ። ጣሊያን ሲመጣም ከጣሊያን ጋር ወገኑ። ያን ጊዜ በላይ ዘለቀ በቢቸና በኩል በዱር በገደሉ ጠላትን ይፋለም ነበር። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ራስ ኃይሉም ገቡላቸው። በ1937 ዓ.ም. ግን በአመፅ ተከሶ አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው በላይ ነበር። ራስ ኃይሉ አልተሰቀሉም።

ይህን ሁሉ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ቆሞ የሚሰማ የጉንደ ወይን ተማሪ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ክህደትና ስለ ውለታ የሚያስበው ብዙ ነገር ይኖረዋል። የድንጋዩን ዕድሜ ብቻ የሚሰማ ግን ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል።

«አሁን ቁስል መነካካት ምን ይጠቅማል?» የሚል አለ። መንገድ በሚዘጋበትና ሰላም በራቀበት ጊዜ ስለ ጉብኝት ማውራትም ቅንጦት ይመስላል። ግን ታሪክ በግልጽ ካልተነገረ አይጠፋም፤ በየቡና ቤቱ ሐሜት ሆኖ፣ ለየወገኑ እንደሚመቸው ተቆርጦ ይዞራል። አንዱ ንጉሡን ብቻ፣ ሌላው ባንዳውን ብቻ፣ ሦስተኛው አርበኛውን ብቻ ይዞ ይጣላል። ሦስቱም ግን የአንድ ግዛት ሰዎች ናቸው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ለደብረ ማርቆስ የሞናኮ ሀብት አያስፈልጋትም። በሩን የሚከፍት ዘበኛ፣ ሙሉውን የሚያነብ ሰሌዳና ሳይፈራ የሚናገር አስጎብኚ ይበቃታል። ድሉንም ሽንፈቱንም፣ አርበኛውንም ባንዳውንም በአንድ ግቢ የምትናገር ከተማ ስትሆን መንቆረር የምትጎበኝ ከተማ ትሆናለች።