ዘዴን በልክ መስፋት፦ ከሕዳሴ ግድብ የሥራ ታሪክ

እዚህ አትላንታ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ የሕዳሴ ግድብ ሲነሳ ክርክሩ ስለ ግብፅ፣ ስለ ቦንድና ስለ መንግሥት ነው። ግድቡ በምን ዓይነት የአሠራር ዘዴ ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። ለእኔ ለመሐንዲሱ የታሪኩ ቁም ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው።

በሙያችን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዘዴው ይበየናል፤ የቱ ይቀድማል፣ ማን ምን ያስረክባል፣ ለውጥ በማን ፊርማ ይጸድቃል። ከዚያ በሥራው ልክ ይሰፋል፤ የማያስፈልገው ይቀነሳል፣ የጎደለው ይጨመራል፣ ምክንያቱም ይጻፋል። ጥናት፣ ንድፍ፣ ግንባታ፣ ሙከራ እያሉ እንደ ፏፏቴ ወደ ታች ብቻ መውረድ የብዙ መሥሪያ ቤት ልማድ ነው። ይህን ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ1970 ለሶፍትዌር ሥራ በሥዕል ያሳየው አሜሪካዊው ዊንስተን ሮይስ፣ እንዲሁ ቢተገበር ለውድቀት እንደሚያጋልጥ እዚያው ጽፎ ነበር። ተከታዮቹ ሥዕሉን ወስደው ማስጠንቀቂያውን ተዉት!

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ግድብ በዚህ ልማድ አልተሠራም። ኮንክሪቱ በስስ በስሱ እየተነጠፈ በሮለር የሚጠቀጠቅ በመሆኑ ግራና ቀኙን አስቀድሞ መሐሉን ዝቅ አድርጎ ማቆየት ይቻላል፤ የክረምቱ ጎርፍም በዚያ ያልፋል። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ተይዞ ትርፉ በመሐሉ ላይ ሲፈስ ግድቡ ገና አላለቀም ነበር። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ሲያመነጭም ግንባታው ቀጥሎ ነበር። ይህ ለወንዙና ለክረምቱ በልክ የተሰፋ ዘዴ ነው።

የብረታ ብረቱና የኤሌክትሮ ሜካኒካሉ ሥራ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ሥራው የተሰጠው በ2002 ዓ.ም. ለተቋቋመው ሜቴክ ነበር። ለአገር ልጅ መሰጠቱን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው በትናንሽ ግድቦች ሳይሞከር፣ በአንድ ጊዜ ትልቁን መሸከሙን ነው። ከሰባት ዓመት በላይ አልፎ አንድም ተርባይን አልዞረም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሥራው ተነጥቆ በ2011 ዓ.ም. ለውጭ ኩባንያዎች ተከፋፈለ።

የኃይሉም መጠን 5,250 ተብሎ ተጀምሮ ወደ 6,000፣ ኋላም ወደ 6,450 ሜጋ ዋት ወጣ፤ በመጨረሻ 16 የነበሩት ተርባይኖች 13 ሆነው በ5,150 ረጋ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው በዚህ ልክ ነው። የሳንዲዬጎው ፕሮፌሰር አስፋው በየነ መጠኑ ከልክ በላይ መሆኑን ገና ከጅምሩ ሲጽፉ ከገዛ ወገናቸው ብዙ ወቀሳ ደርሶባቸዋል። መለወጥ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን 16ቱ ለምን 13 ሆኑ? ማን አሰላ? ማን ፈረመ? የሥራው ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲያልፉ በልባቸው የያዙትን ይዘው ሄደዋል። የቀረው በወረቀት ያለው ነው፤ እሱም አምስት ኪሎ ላሉት የምሕንድስና ተማሪዎች ሊከፈትላቸው ይገባል።