የለንደኑ ሐኪምና የጥቋቁር መስመሮቹ ካርታ

በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ለብቻው ሲታይ ዲዳ ነው። ዐዋቂ ሰው በሥዕል አስቀምጦ በየወገኑ ለይቶ ሲጠይቀው ግን ብዙ ምሥጢር ይናገራል። አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ነገር የታወቀ ምስክር የሚሆነን የእንግሊዛዊው ሐኪም የጆን ስኖው ታሪክ ነውና ጥቂት እንመልከተው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በኦገስት ወር መጨረሻ፣ በለንደን ከተማ በሶሆ ሠፈር የኮሌራ በሽታ በድንገት ተነሣ። በዐሥር ቀን ውስጥም ከ500 የሚበልጡ ሰዎችን ፈጀ። በዚያን ዘመን የነበሩት አብዛኞቹ ሊቃውንት በሽታው ከቆሻሻ ከሚነሣ መጥፎ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ስኖው ግን መንሥኤው የተበከለ ውሃ ነው ባይ ነበርና፣ የሟቾቹን ቤት ተከታትሎ በካርታ ላይ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ጥቁር መስመር አሰመረ። መስመሮቹም በብሮድ መንገድ በነበረው የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችተው ታዩ።

ነገር ግን ክምችት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ተቃዋሚዎቹ፣ «አየሩ በዚያ ሥፍራ ስለ ከፋ ነው» ለማለት ይችሉ ነበር። ስለዚህ ስኖው ሰዎቹን በሚጠጡት ውሃ ለያቸው። በአቅራቢያው በነበረው የድኆች መጠለያ ከሚኖሩት 535 ሰዎች መካከል የሞቱት 5 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ መጠለያው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። በአንጻሩ ርቃ በሃምስቴድ ትኖር የነበረች አንዲት ባልቴት የብሮድ መንገድን ውሃ ስለምትወድ እያስመጣች ትጠጣ ነበርና በዚያው በሽታ ሞተች። የፓምፑ እጀታ በሴፕቴምበር 8 ቀን ተነቀለ፤ ይሁን እንጂ ወረርሽኙ አስቀድሞ መቀነስ ጀምሮ እንደ ነበር ስኖው ራሱ አልሸሸገም።

ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ በደቡብ ለንደን ተገኘ። በዚያ ሁለት ኩባንያዎች በአንድ መንገድ ላይ ለጎረቤታሞች ውሃ ያድሉ ነበር። የሳውዝዋርክና ቮክስሆል ኩባንያ ከተማው ቆሻሻውን ከሚያፈስበት ከቴምዝ ወንዝ ክፍል ይቀዳ ነበር፤ የላምቤዝ ኩባንያ ግን በ1852 ዓ.ም. መቅጃውን ከከተማው በላይ ወዳለው ንጹሕ ሥፍራ አዛውሮ ነበር። ስኖው ሟቾቹን በኩባንያ ለይቶ በሠንጠረዥ ቢያሰፍር፣ በመጀመሪያው 40,046 ቤቶች 1,263 ሰዎች፣ በሁለተኛው 26,107 ቤቶች 98 ሰዎች ሞተው ተገኙ። ይህም በ10,000 ቤት 315 እና 37 ማለት ነው። አየሩ አንድ፣ መንገዱም አንድ ሲሆን የተለየው ውሃው ብቻ ነበረ።

ስኖው ሐሳቡ በሰፊው ተቀባይነት ሳያገኝ በ1858 ዓ.ም. ዐረፈ። እኛም፣ አንባቢ ሆይ፣ ጠቅላላ ድምር ጽፈን መዝገቡን ከመዝጋታችን በፊት፣ «እነዚህ በአንድ ሥፍራ የተሰበሰቡት በምን ይመሳሰላሉ? ከቀሩትስ በምን ይለያሉ?» ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው። ከእያንዳንዱ መስመር በስተኋላ አንድ ሰው ነበረና።