ሳንጃው ምን ይላል?
በየቤታችን ስለተሰቀሉ አሮጌ ሳንጃዎችና በላያቸው ስላሉት ምልክቶች



በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን ስለ ታሪክ ጥቂት ማለት ልማዳችን ነው። የዘንድሮው ጽሑፋችን መነሻ አንድ ሳንጃ ነው። አንድ አንጋፋ አባላችን ዐርፈው አርባቸው ከወጣ በኋላ ልጆቻቸው ንብረት ሲከፋፈሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሳንጃ ሳይስማሙ ቀሩ። ታላቁ «አያታችን ሰገሌ የዘመቱበት ነው፤ ከቤት አይወጣም» አለ። ታናሹ ደግሞ ገዥ አግኝቶ ነበርና «ይሸጥና እንካፈል» አለ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ወንድማማቾቹ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ።

ታላቁ ማስረጃ ሲጠየቅ በስለቱ ሥር የተመታውን 1907 የሚል ቁጥር አሳየ። የሰገሌ ጦርነት የተደረገው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነውና ሳንጃው ሁለት ዓመት ቀድሞ የተሠራ ይመስላል። እንዲያው ስታዩት ልክክ ያለ ማስረጃ ነው! ሽማግሌዎች ሆነን የተላክነው እኛም መጀመሪያ ላይ ራሳችንን ነቅንቀን አምነን ነበር። ዳሩ ግን ከመካከላችን በውትድርና ዘመናቸው መሣሪያ ግምጃ ቤት የሠሩ ስለነበሩ «ቆይ እስቲ፣ ማጉያ መነጽር አምጡ» አሉ።

በመነጽር ሲታይ ከቁጥሩ በላይ ዘውድ አለ፤ ከዘውዱ ሥር የእንግሊዝ ንጉሥ የጆርጅ የስም ምልክት አለ። እንግዲህ ሳንጃው የእንግሊዝ ነው ማለት ነው። 1907 የሚለውም የኛ አቆጣጠር አይደለም። ይልቁንም የሚገርመው የተሠራበት ዘመንም አለመሆኑ ነው! እንግሊዞች ይህን ዓይነት ሳንጃ፣ ስለቱ 43 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነውን፣ በፈረንጅ 1907 አጽድቀው ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲሠሩት በእያንዳንዱ ላይ ያንኑ 1907 ይመቱበት ነበር። የአሠራሩ ስም ነው እንጂ የልደቱ ቀን አይደለም። የልደቱ ቀን ከዚያው አጠገብ በደቃቅ ቁጥር የሚመታው ወርና ዓመት ነው። በዚህኛው ላይ 11 እና 18 ይነበባል፤ ይኸውም በፈረንጅ ኅዳር 1918 ማለት ነው። ወደኛ ሲመለስ 1911 ዓ.ም. ይሆናል። ስለዚህ የሰገሌ ጦርነት ሲደረግ ይህ ብረት ገና አልተሠራም ነበር።

በሌላው ገጽ ደግሞ የወፍ እግር የመሰለ ቀስት አለ። ይህ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት መሆኑን ያሳያል። ከአጠገቡ ያለው የኤክስ ምልክት ስለቱ ተጎብጦ መፈተኑን ይገልጻል። ቤተሰቡ «የመስቀል ምልክት ነው፣ ጠባቂ ነው» ሲለው የኖረው ግን ሌላ ነበር፤ ሁለት ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው የተመቱበት። የዚህም ትርጉም ግልጽ ነው። መሣሪያው ከሠራዊቱ አገልግሎት ወጥቶ ተሽጧል ማለት ነው። ትርፍ ሆኖ በሽያጭ የወጣ ዕቃ ነው እንጂ በጦር ሜዳ የተማረከ ለመሆኑ ምንም አይናገርም።

ይህን ስንናገር ቤቱ ጸጥ አለ። ታላቁ ልጅ ፊቱ ጠቆረ። እኛም የሰው አያት ስም የነካን መስሎን አፈርን። በዚህ ጊዜ እስከዚያ ድረስ በጓዳ በር ተቀምጠው ሲሰሙ የነበሩት የሟቹ ባለቤት «ኧረ ልጆቼ፣ አማቴ ሰገሌ መዝመታቸው እውነት ነው። ይኼን ሳንጃ ግን አባታችሁ ናቸው ከምናለሽ ተራ ገዝተው ያመጡት። ‹የአባቴ እንዲህ ያለ ነበር› ብለው ሰቀሉት። ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

እውነትም ማንም አልጠየቃቸውም። ሁላችንም ብረቱን ስንመረምር ምስክሯ እዚያው ተቀምጠው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አያሌ አባሎች «የኛንም እዩልን» ስላሉን ያየነውን ባጭሩ እንገልጻለን።

በየቤቱ ከሚገኙት አንዱ የውጅግራ ሳንጃ ነው። ውጅግራ የምንለው የ1874 የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የመጣ ነው። ሳንጃው ረጅምና ቀጭን ሆኖ የእጀታው ራስ ነሐስ ነው፤ ስለቱ ግማሽ ሜትር ያልፋል። በስለቱ ጀርባ ላይ በእጅ ጽሑፍ የተቀረጸ ደቃቅ መስመር አለ፤ ብዙ ሰው ጭረት ወይም ጠልሰም ይለዋል። የፋብሪካው ስም (ሳን ኤትየን፣ ቱል ወይም ሻቴልሮ)፣ ወሩና ዓመቱ ነው። እዚህ ላይ የሚጻፈው ዓመት የአሠራሩ ሳይሆን በትክክል የተሠራበት ነው። በመስቀለኛው ብረትና በሰገባው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ከሆነ ሁለቱ አብረው የኖሩ ለመሆናቸው ጥሩ ምልክት ነው።

የኢጣልያ ሳንጃ ያላችሁ ደግሞ «ከአድዋ ነው» ከማለታችሁ በፊት ለኩት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የኢጣልያ ወታደር በአብዛኛው የያዘው ቬተርሊ የሚባለውን የቆየ ጠመንጃ ነበር፤ የዚህም ሳንጃ ሲሠራ ስለቱ ግማሽ ሜትር ያህል ነበር። የካርካኖው፣ ማለትም በፈረንጅ የ1891 ሞዴል ጠመንጃ ሳንጃ ግን ስለቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህኛው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የወረራ ዘመን የቀረ የመሆኑ ነገር ያመዝናል። ታዲያ የአርበኛ ቤት ቅርስ መሆንስ ያሳፍራል እንዴ?

በፈረንጅ ዘመን ሲጻፍ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መቀነስ እንዳይረሳ። ደግሞም ዘመኑ የሚከለክለውን እንጂ የሆነውን አይናገርም። ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ብረት በዚያ ጦርነት ሊኖር አይችልም፤ ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ሁሉ ግን ዘምቷል ማለት አይደለም።

ከሁሉ ያሳዘነን በሌላ ቤት ያየነው ነው። ለእንግዳ እንዲያምር ተብሎ ሳንጃው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደ መስተዋት ያበራል። ፊደል የለ፣ ቁጥር የለ፣ ዘውድ የለ። የማን እንደነበረ ለማወቅ የቀረ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ አደራ፣ ሳንጃ በአሸዋም በአመድም አትፈትጉ። በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጥቂት ዘይት ቀቡትና ምልክቶቹን በወረቀት ላይ ገልብጡ፤ ማን ከማን እንዳገኘውም ከሥሩ ጻፉ።

የወንድማማቾቹ ነገር በዕርቅ አልቋል። ሳንጃው አልተሸጠም፤ ታላቁ ቤት ተሰቅሏል። ከሥሩ ግን እናትየው የነገሯቸው ቃል በታናሹ እጅ ተጽፎ ተለጥፏል፤ አያት ሰገሌ እንደዘመቱ፣ አባት ለአባታቸው መታሰቢያ ብለው ሳንጃውን እንደገዙት።

እኛ ዕድርተኞች ሬሳ ስናነሣ፣ ድንኳን ስንተክል፣ ለቀስተኛ ስናስተናግድ የምንኖር ነን። ከእያንዳንዱ ሟች ጋር ስንት ነገር እንደሚቀበር ከኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ብረቱ ቢዘገይም ይነበባል። እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ግን ዛሬውኑ እንጠይቃቸው።